ከጀልባዋ የሚታየው ደን፤ የተማሪዎች የጉዞ ማስታወሻና የተራኪው አንጻር

በብራዚል ከማናውስ ከተማ ተነሥተው በአማዞን ጥቅጥቅ ደን ውስጥ በጀልባ የሚጓዙ የተማሪ ቡድኖች የሚጽፉት ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ ከወንዞች መገናኛ ይጀምራል። ጥቁሩ ሪዮ ኔግሮና ደፍራሹ ሶሊሞይስ በሙቀት፣ በፍጥነትና በክብደት ስለሚለያዩ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ። ትዕይንቱ ለገለጻ የተመቸ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ትረካው ወደ ዝርዝር ይለወጣል፤ ዛፍ፣ ወፍ፣ ጦጣ፣ ዝናብ። ሰው ቢመጣም ከዳር ቆሞ እጁን ያውለበልባል፤ ጀልባዋም ታልፈዋለች።

በእኔ አስተያየት ጉድለቱ የሚመነጨው ከአንጻር ምርጫ ነው። ተራኪው “እኛ” ነው፤ “አየን፣ ተደነቅን” ይላል። የማን ዓይን እንዳየ ግን አይታወቅም። ወንዙን የሚያውቀው የጀልባዋ ነጂም ከዚህ “እኛ” ውጭ ይቀራል።

ችግሩ ከተማሪዎች አልጀመረም። ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1890 በኮንጎ ወንዝ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ተጉዞ ነበር፤ “የጨለማ ልብ” የተሰኘው ሥራው በ1899 ታትሟል። ቺኑዋ አቼቤ በ1975 ባደረገው ንግግር ድርሰቱ አፍሪካውያንን ሰብእና እንደነፈጋቸው ተከራክሯል። የኮንራድ ደጋፊዎች በበኩላቸው አመለካከቱ የተራኪው የማርሎ እንጂ የደራሲው አይደለም ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ መከራከሪያ አይደለም። ሆኖም መሪ የሚይዘውን አፍሪካዊ ልብ ይሏል። በጦር ተወግቶ ሲሞት ማርሎ ያጣዋል፣ ይናፍቀዋል፤ ስሙን ግን አንባቢው አያውቅም። ሐዘኑ እንኳ የሚለካው ሟቹ ለጀልባዋ በሰጠው አገልግሎት ነው።

ብራዚላዊው ማሪዮ ደ አንድራደ በ1927 በአማዞን ሲጓዝ የያዘው፣ ከሞተ በኋላ በ1976 የታተመው “ተለማማጁ ቱሪስት” ሌላ መንገድ ያሳያል። ደራሲው በራሱ ተጓዥነት ይቀልዳል፤ የሌሉ ጎሣዎችን እየፈጠረ በተጓዥ ጸሐፊዎች ሁሉን ዐዋቂነት ላይ ያላግጣል። ደኑን ዐውቄ ጨረስኩ አይልም።

እንግዲህ እኛ መምህራን የተማሪን የጉዞ ማስታወሻ ስናርም የገለጻውን ውበት መመዘናችን ብቻውን አይበቃም። ነጂው ስም አለውን? ወንዙን ምን ብሎ ይጠራዋል? የዳሩ ሰው ይናገራልን? ብለን ልንጠይቅ ይገባል። አማዞን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰው የኖረበት ደን ነው። ሰው አልባ አድርጎ የሚያቀርበው ማስታወሻ፣ ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያየውን አልመዘገበም።