ግብር ሲባል የትኛው ግብር? «አዲስ ዓለም»ን ከዲላ ማንበብ

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» ያነበብኩት ዲላ፣ ቤተሰብ ልጠይቅ በሄድኩበት ሳምንት ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። ግን መጽሐፉን ስጨርስ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ።

በ1925 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልቦለድ አወቀ የሚባል ወጣት ታሪክ ነው። አወቀ አውሮፓ ተምሮ ይመለሳል። ዘመድ ለአባቱ ተዝካር ትልቅ ድግስ ካልደገስክ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ይሄ ብክነት ነው ባይ ነው። በጋብቻውም ላይ እንዲሁ ይጋጫሉ።

ደፋር መጽሐፍ ነው፣ አልክድም። ጸሐፊው የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው፣ በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ በ1923 የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አግኝታለች። ልቦለዱ የዚያ ዘመን ተስፋ ነው።

ችግሬ ድግሱ ላይ ነው። አወቀ የድግሱን ወጪ ከደጋሹ ኪስ አንጻር ብቻ ያሰላል። እህሉን ማን አመረተው? ማን ፈጨው? ማን ተሸከመው? ይሄ አይጠየቅም።

ጌዴኦ ውስጥ መልሱ ግልጽ ነበር። አገሩ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ሠራዊት ከተያዘ በኋላ ገበሬው በደመወዝ ፈንታ ለወታደርና ለሹም ተደለደለ። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ያለው ቡና እየተፈለገ ሲመጣ ጫናውም አብሮ ጨመረ። ገባሩ ከምርቱ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የጌታውን ቤት ይሠራል።

አማርኛችን ራሱ ምስጢሩን ይዞታል። «ግብር» ማለት ገበሬው የሚከፍለው ነው፤ «ግብር» ማለት ደግሞ ቤተ መንግሥት የሚበላው ድግስ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ጫፍ።

በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ፣ የዓድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሺዎችን አስከትለው አዲስ አበባ ሲገቡ የሆነውን አስታውሱ። እንደሚተረከው፣ እሳቸው በራስ ተፈሪ ግብር ላይ ሳሉ ሠራዊታቸው በገንዘብ ተበተነ፤ ግዛታቸውም ለሌላ ሹም ተሰጠ። ታሪኩን የምንወደው የብልጠት ታሪክ ስለሆነ ነው። የዘመናዊው ማዕከላዊ መንግሥት ድል ተብሎም ይነገራል። ለጌዴኦ ገባር ግን ተቀባዩ ተቀየረ እንጂ መክፈሉ አልቀረም። በእኛ ሙያ ቋንቋ ፊቱ ታደሰ፣ ከኋላ የሚሠራው ሲስተም ያው ነው።

«ልቦለዱን ባልጻፈው ነገር ለምን ትወቅሰዋለህ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አወቀ ዲላ ይምጣልኝ አላልኩም። ግን የድግስን ዋጋ ያነሳው መጽሐፉ ራሱ ነው። ሒሳቡን ጀምሮ ግማሹ ላይ ተወው። ከዚያም ግማሽ ሒሳብ «አዲስ ዓለም» ተባለ።

ያ ግማሽ ሒሳብ ዝም ብሎ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሱ፤ ብዙዎች ሞቱ።

ስለዚህ «አዲስ ዓለም»ን አንብቡት፣ ይገባዋል። ግን ብቻውን አይሁን። ቻርልስ ማክሌላን በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን፣ ከ1895 እስከ 1935 ያለውን የጌዴኦን ታሪክ የሚያጠና መጽሐፍ አጠገቡ አስቀምጡ። አንዱ ድግሱን ያሳያችኋል፣ ሌላው የከፈለውን ሰው።