የዮሴፍ ይቅርታ በኦሪትና በኩፋሌ

የዮሴፍ ታሪክ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሁለት መጻሕፍት ይነበባል፤ አንዱ ኦሪት ዘፍጥረት፥ ሁለተኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን አስተያይቶ መመርመር ከማንም ይልቅ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት የቀረበ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ዮሴፍ የክርስቶስ ምሳሌ መሆኑ ይነገርና የወንድሞቹ በደል በችኮላ ይታለፋል። ምሳሌነቱ እውነት ነው፤ ችኮላው ግን ታሪኩን ያጎድለዋል።

ይህ ጉድለት በወላይታ ሶዶ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ይልቁን ይታወቀዋል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን በያዘ ጊዜ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ከሕዝቡም ብዙው ተገደለ፥ ብዙውም ተማርኮ ለባርነት ተወሰደ። ከጦሩ ጋር የነበረው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ በ1896 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር አሳትሞታል። እንዲህ ባለ አገር መሸጥ የሚለው ቃል ምስጢር ከመሆኑ በፊት የሰው ታሪክ ነው።

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጠ። ኩፋሌ መከራውን ቆጥሮ፥ 10 ዓመት በባርነት፥ 3 ዓመት በእስር ቤት ይላል። በጲጥፋራ ቤት ያጸናውን ነገር ሲናገርም፥ ያዕቆብ ከአብርሃም ቃል ያነብ የነበረውን ማሰቡን ይጨምራል። መልካም ጭማሪ ነው፤ ልብሱን ሁለት ጊዜ ቢገፉትም ከአባቱ ቤት የሰማውን አልገፈፉትም።

ወንድሞቹ ስለ ረኃብ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። አሰራቸው፥ መረመራቸው፥ ጽዋውንም በብንያም ዓይበት ውስጥ አስደበቀ። ይህን ቂም የሚያስመስሉት አሉ፤ ነገር ግን ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ባለ ጊዜ የፈተናው ምክንያት ታወቀ፤ ዮሴፍ ይሸጥ ብሎ የመከረው እርሱ ነበርና። ዮሴፍም በተገለጠ ጊዜ እነርሱ እንደ ሸጡት በፊታቸው ተናገረ፤ እግዚአብሔር ለሕይወት አስቀድሞ እንደ ላከውም ጨመረ። ሁለተኛው ነገር የፊተኛውን አልሰረዘውም።

መጻሕፍቱ የሚለያዩት በፍጻሜው ነው። በኦሪት ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ወንድሞቹ ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ 17 ዓመት እንጀራውን በልተው ይቅርታውን ገና አላመኑም ነበር። ዮሴፍ ይህን ሰምቶ አለቀሰ። ቀድሞ ካለቀሰው ልቅሶ ሁሉ ይህ ይከብዳል። ኩፋሌ ይህን ፍርሃት ሳያነሣ፥ በአንድ ልብ ተፋቅረው ኖሩ ብሎ ያልፋል። ሰላም የሚናፍቅ አንባቢ ይህን ይመርጥ ይሆናል፤ የበደለኛን ልብ የሚያውቀው ግን ኦሪት ነው።

ሆኖም ኩፋሌን በዚህ ብቻ መንቀፍ አይገባም። ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ወደ ያዕቆብ የላኩበት ቀን በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን ነበር፤ ባላና ዲናም በዚያ ኀዘን ሞቱ ይላል። ስለዚህ እስራኤል በየዓመቱ በዚያ ቀን በፍየል ጠቦት እንዲያስተሰርዩና እንዲያዝኑ ታዘዘ። አባትን ያታለለው የፍየል ደም የማስተስረያ መሥዋዕት ሆኖ ተመለሰ፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙንና ወርቁን ፈልጎ አያጣውም። ኦሪት ዘሌዋውያን የማስተስረያውን ቀን ሲደነግግ ዮሴፍን አያነሣም፤ በኩፋሌ ግን በዓመት አንድ ቀን የሚያዝኑት የሻጮቹ ልጆች ናቸው፤ የተሸጠውም ይርሳ አልተባለም።