ለሁሉም እግር የሚሆን የባሕር ዳር መንገድ

«ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» የሚሉትን ምደባዎች ከጉዞ ማስታወቂያዎቼ ላይ ካነሣኋቸው ቆየሁ። ለንደን የምንኖር ሐበሾችን እየሰበሰብኩ ወደ ደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ይዤ እወጣለሁ። አብረውኝ ከሚሄዱት መካከል ማራቶን የሚሮጥ ጎረምሳ አለ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ፤ ልጇን በጋሪ የምትገፋ ወላጅ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ወንድም፣ ዓይነ ስውር መምህርም አሉ። ለጎረምሳው ምንም ያልሆነው ቁልቁለት እናቲቱን ያስጨንቃቸዋል፤ እናቲቱ ያለ ችግር የሚያልፉት ጠጠር ዊልቸሩን ባለበት ያስቀረዋል። እኔ ለንደን ቁጭ ብዬ «ቀላል ነው» ብል ለማንኛቸውም የሚጠቅም ነገር አልነገርኩም።

ስለዚህ መሬቱ ላይ ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ። መንገዱ ሣር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ከሁሉ የሚጠበው በር ስንት ሴንቲ ሜትር ይከፈታል? በእንጨት መወጣጫ ተረግጦ የሚታለፍ አጥር አለ ወይ? ትልቁ ቁልቁለት የት ይጀምራል፣ የትስ ያበቃል? አግዳሚ ወንበሩና መጸዳጃ ቤቱስ የት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የደከመው ሰው ከየት ቦታ ወጥቶ አውቶቡስ መያዝ ይችላል? ሰው የራሱን ጉልበት ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ መሬቱን በሐቅ ከነገርኩት ፍርዱ የእሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የምንሄደው ሰቨን ሲስተርስ ወደሚባሉት ነጫጭ ገደሎች ነው። ከከክሚር ወንዝ አፍ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ይደረደራሉ። ድንጋያቸው ጠመኔ ነው፤ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ተጠራቅሞ የሠራው። ከሩቅ ሲታዩ ለስላሳ ይመስላሉ። ላያቸው ላይ የሚሄድ ሰው ግን አንዱን ወጥቶ ሳያርፍ ይወርዳል፣ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ የመጀመሪያው ጉብታ ሄቨን ብራው 77 ሜትር ያህል ሲሆን ከሁሉም ይረዝማል። ከመነሻችን ከኤክሲት እስከ መድረሻችን በርሊንግ ጋፕ ያለው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ ኢምንት ነው፤ ጉልበት ላይ ግን ኢምንት አይደለም።

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 የጉዞ ሰዓት ማስሊያ አውጥቶ ነበር። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመራል ይላል። ዛሬም ድረስ ጉዞ መሪዎች ይጠቀሙበታል፤ ለብርቱ ሰው ይሠራል። የሚቆጥረው ግን ዳገቱን ብቻ ነው። ለእኔ ቡድን ሰዓቱን የሚበላው ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፤ ሳንባ ደግሞ ትንሽ ቆም ሲሉ ይመለሳል። ቁልቁለት የሚያርፈው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ እሱ ቆም በማለት አይመለስም። በዚያ ላይ ዝናብ የነካው ጠመኔ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ከሁለተኛው ጉብታ ስንወርድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ቆም አሉ። እጄን ዘረጋሁላቸው።

«እትዬ፣ ቀስ ብለው፤ እኔን ይደገፉ።»

«ልጄ፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ገደል አብሮኝ ያደገ ነው» አሉና ሰው ረግጦ ያነጣውን መንገድ ትተው ወደ ሣሩ ገቡ።

አየኋቸው። ቁልቁል ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ ወደ ጎን እየተጠማዘዙ፣ እግራቸውን አግድም እያሳረፉ፣ ከዘራቸውን በቅድሚያ ከበታቻቸው እየተከሉ ነው የወረዱት። ክብደታቸውን የሚያዛውሩት ከዘራው መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ነው። እኔም ከጎናቸው፣ ትንሽ ከበታቻቸው ሆኜ ወረድኩ። የሚደግፍ ሰው ቦታው እዚያ ነው፤ ከላይ ሆኖ እጅ የሚይዝ ቢንሸራተት የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ ስለ ቁልቁለት የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ገደሎቹን መውጣት የማይችል ሰው ታዲያ ቤቱ ይቅር ማለት አይደለም። ጉዞውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ብርቱዎቹ ከኤክሲት ተነሥተው በጉብታዎቹ ላይ ያልፋሉ፤ ሌሎቹ በመኪና በርሊንግ ጋፕ ይቀድማሉ፤ እዚያ ሻይ ቤትና መጸዳጃ ቤት አለ። ምሳ አንድ ላይ ነው። ድፎ ዳቦው የሚቆረሰው ሁሉም ሲደርስ ብቻ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ከምሳ በኋላ አብረን የቻልነውን ያህል ወደ ቤል ቱት መብራት ማማ እናዘግማለን። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ስላሉ ያን ጊዜ ዳገቱን ትቼ የከክሚርን ሸለቆ እመርጣለሁ፤ ባዶ ሆድ ዳገት አላስወጣም። በሸለቆው ውስጥ ከኤክሲት እስከ ባሕሩ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሜዳ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ዳርቻው ጠጠር መሆኑንና ጎማ እንደሚይዝ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ጎማ ላለው ሁሉ የምወደው ከብራይተን ማሪና እስከ ሶልትዲን ያለውን ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገደሉን ከማዕበል ለመከላከል ግንብ ሲሠራ መንገዱም አብሮ ተሠራ፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲሚንቶ፣ ሜዳ። በአንድ በኩል ነጩ ገደል ከራስ በላይ ቆሟል፣ በሌላው በኩል ባሕሩ ነው። ዊልቸር፣ የሕፃን ጋሪ፣ ምርኩዝ ጎን ለጎን ይሄዱበታል፤ ሮቲንግዲን ላይ ወጥቶ አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። ማዕበል ባለበት ቀን ውኃው ግንቡን ዘሎ መንገዱን ስለሚያጥብ የአየሩን ትንበያ ሳላይ አልነሣም።

የሰልፉ አደራደር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቀርፋፋውን ሰው ከኋላ የሚያስቀር መሪ ሳያውቀው ይቀጣዋል። ፊተኞቹ ቆመው ይጠብቁታል፣ እሱ ሲደርስ እነሱ አርፈው ይነሣሉ፤ ከሁሉ የደከመው ሰው ሳያርፍ ይውላል። እኔ ቀርፋፋውን ከጎኔ አደርጋለሁ፤ የቡድኑ እርምጃ የእሱ እርምጃ ይሆናል። ከኋላ ብርቱና ታጋሽ ሰው አስቀምጣለሁ። ዓይነ ስውሩ መምህር የመሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ይይዛል፣ ምንጊዜም ከገደሉ በተቃራኒ ይሄዳል፤ መሪው ደግሞ መንገዱን ብቻ ሳይሆን የሚያየውን ይነግረዋል። «ስንት ቀረ?» ለሚለኝም እንደ አገራችን ባላገር «እዚችው ናት» አልልም፤ ደቂቃውን እናገራለሁ፣ ከፊታችን ስንት ዳገት እንደቀረም እጨምራለሁ።

ነፋሱ እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ወደ ምሥራቅ እንጓዛለን፤ ጀርባን ይገፋል። ከገደሉ ጠርዝ ርቀን እንሄዳለን፤ ከላይ ሣር የለበሰው ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላልና። ከገደሉ ግርጌ በዳርቻው ለመሄድ የሚለምኑኝ አሉ፤ እምቢ እላለሁ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሲሞላም ከከክሚር እስከ በርሊንግ ጋፕ መውጫ የለም።

ይህ ጠመኔ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ቤል ቱት ወደ ባሕሩ ሊወድቅ ሲቃረብ በ1999 ሕንጻው እንዳለ በክሪክ ተነሥቶ 17 ሜትር ወደ ውስጥ ተገፍቷል። የእንግሊዝን የባሕር ዳር መንገድ ያቋቋመው የ2009 ሕግም ይህን አስቦበታል፤ ገደሉ ሲናድ መንገዱ አብሮ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ ይፈቅዳል። ባሕሩን እያዩ መሄድ የሕዝብ መብት ነው ብሎ የጻፈ ሕግ አፈሩ ሲናድ መብቱ አብሮ እንዳይናድ ማሰቡን እጅግ አከብራለሁ። ለእኔ ግን ሥራ ይጨምርብኛል፤ ባለፈው ዓመት የጻፍኩት ማስታወቂያ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ከቡድኑ በፊት ብቻዬን እሄዳለሁ። ሜትርና ደብተር ይዤ አጥሩ የት እንደተዛወረ፣ ዝናቡ የትኛውን ቁልቁለት እንደቦረቦረ፣ የትኛው በር አዲስ እንደሆነና ዊልቸር ያስገባ እንደሆነ አያለሁ። ማስታወቂያውን የምጽፈው ከዚያ ስመለስ ነው።