ከበሮና ኮቴ

ነሐሴ 2 ቀን 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ መክፈቻ 2008 ሰዎች ፎው የተባለውን ጥንታዊ የቻይና መሣሪያ በአንድነት ሲመቱ፥ ከየምቱ ጋር ብርሃን ይፈነጥቅ ነበር። ትርኢቱን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ከጆሮ ይልቅ ለዓይን የተሰናዳ መሰለን። በ2004 ዓ.ም. በለንደን አንድ ሺህ ያህል ከበሮ መቺዎችን የመሩት ኤቭሊን ግሌኒ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት ስለ ተሳናቸው፥ ድምፁን በባዶ እግራቸው ከመሬት ይቀበሉታል።

ድምፅ በእግርም የሚገባ ከሆነ፥ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሁሉ የሚበልጥ ከበሮ አለው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ፈረሶቹ ለጉግስ ሲጋልቡ ሜዳው ከተመልካቹ እግር በታች ይርዳል። ይህን ድምፅ በማጉያ ዘፈን መሸፈን ጥፋት ነው እንላለን። አዘጋጆቹ ግልቢያው ሲጀመር ማጉያውን ቢያጠፉልን እንወዳለን፤ ከበሮውም ቢሆን ፈረሶቹ እስኪያልፉ ይታገሥ።