ጨዋታ በመዝገበ ቃላት፦ ስለ «ጃርጎን ፋይል»

በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ «ጃርጎን ፋይል» እየተባለ የሚታወቀውን የቃላት ስብስብ ራፋኤል ፊንክል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ጀመረው። በ1983 በጋይ ስቲል፣ በ1991 ደግሞ በኤሪክ ሬይመንድ አዘጋጅነት በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው የእርስ በርስ ጨዋታቸውን እየመዘገቡ ያቆዩት ሥራ ስለ ሆነ ለሙያችን ብርቅ ነው፤ ተርጓሚን ግን ክፉኛ ይፈትናል።

ለምሳሌ ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚል መልስ የሚሰጥ ትእዛዝ ስሙ ብዙ ጊዜ «ፒ» በሚለው ፊደል ይጨረሳል። ባለሙያዎቹም ይህን ወደ አፍ ንግግራቸው አምጥተው፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ «ፉድፒ?» ይባባላሉ፤ የራበውም «ቲ» ሲል ይመልሳል፤ ይህም በዚያው በሊስፕ የእውነት ምልክት ነው። ይህን «ምግብ እንብላ ወይ?» ብሎ የሚተረጉም ሰው መልእክቱን አድርሶ ጨዋታውን ይገድላል። እኛ ብንጠየቅ የግእዙን የጥያቄ ምእላድ «ኑ»ን ወስደን «ሲሳይኑ?» እንል ነበር። የሰዋስው ደንብን ያለ ቦታው አምጥቶ መቀለድ ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለምና።

«ሪከርዥን» ለሚለው ቃል የተሰጠው ፍች አንባቢውን መልሶ ወደዚያው ቃል ይመራዋል። በሌላ መዝገበ ቃላት ዙሪያ ጥምጥም ፍች ነውር ነው፤ እዚህ ግን ፍቺው ራሱ ቀልዱ ነው።

የፕሮግራም ጉድለት የሚጠራበት እንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ተባይ ነው። (እንዳለ በፊደላችን ብንጽፈው «በግ» ሆኖ ቁጭ ይላል።) እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት መሣሪያ ውስጥ ተገኝታ በመዝገብ ላይ የተለጠፈችውን የእሳት እራት ብዙዎች የቃሉ መነሻ ያደርጓታል። ይሁን እንጂ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ለመሣሪያ እክል ተጠቅሞበታል። ከእሳት እራቷ አጠገብ የተጻፈው ማስታወሻም የሚያስቀው ቃሉ አስቀድሞ የተለመደ ስለ ነበረ ነው። «ጃርጎን ፋይል» ቃሉ ከዚያ የቀደመ መሆኑን መመዝገቡ ያስመሰግነዋል። ለአማርኛ ሙያዊ ጽሑፍ «እንከን» ይበቃል እንላለን፤ የእሳት እራቷን ታሪክ የሚተርክ ተርጓሚ ግን ያለ «ተባይ» አይሆንለትም። አንድ አቻ ቃል ለሁለቱም እንዲያገለግል ማስገደድ አይገባም።

የሥራው ዋና ጉድለት ማስረጃው ነው። ቃሉ መቼና በማን እንደ ተጻፈ የሚያሳይ ባለ ዘመን ጥቅስ በአብዛኛው አይቀርብም። የ1991ዱ እትም ከጥቂት ላቦራቶሪዎች አልፎ የዩኒክስና የዩዝኔት ተጠቃሚዎችን ንግግር ሲጨምር ይህ ጉድለት ይበልጥ ጎልቷል።

እ.ኤ.አ. በ1982 በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ በአሳንሰር ውስጥ ሜርኩሪ ፈሰሰ ተብሎ የተጻፈን ቀልድ አንዳንዶች እውነተኛ ማስጠንቀቂያ አድርገው ተቀበሉት። ከዚህም የተነሣ ስኮት ፋልማን ቀልድ የሆነውን በሁለት ነጥብ፣ በሰረዝና በቅንፍ በተሠራ ፈገግታ እንዲለዩ ሐሳብ አቀረበ። የእኛ ጽሕፈት ግን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚቀመጥ የተገለበጠ ትእምርተ አንክሮ፣ ማለት ትእምርተ ስላቅ አለው። የባለሙያዎቹን ቀልድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ባዕድ ምልክት ከመዋሱ በፊት ይህን ይሞክር¡