ካቴድራሉ፣ ገበያውና ደጅ ጠኚው ተማሪ

ኤሪክ ሬይመንድ የተባሉት አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በ1997 «ካቴድራሉና ገበያው» የሚል ድርሰት አቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው)። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ አንዳንድ ሶፍትዌር እንደ ካቴድራል ጥቂት ጠበብት በዝግ ግቢ ሆነው የሚያንጹት ነው፤ ሊኑክስ ግን ሰው ሁሉ እየገባ ያለውን እንደሚያቀርብበት ገበያ ነው፤ የሚመለከተውም ዓይን በበዛ ቍጥር ጉድለቱ ቶሎ ይገኛል። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረና፣ ይህን ድርሰት ያነበበ የኛ ተማሪ «እኔስ ለምን አልገባም?» ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም።

ትችታችን ከዚሁ ከምሳሌው ይነሣል። ከልደታ ተነሥቶ መርካቶ የሚሄድ ሰው ለመግዛት ቢሆን ማንም አይከለክለውም። ለመነገድ ቢሆን ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ወይም ዋስ ይፈልጋል፤ ከአንድ ባለ ሱቅ ዘንድ ተጠግቶም ሥራውን ይለምዳል። ሚስተር ሬይመንድ ተጠቃሚውን እንደ ረዳት ሠራተኛ መቍጠር እንደሚገባ በሰፊው ይናገራሉ፤ ጀማሪው ለረዳትነት እንዴት እንደሚበቃ ግን በዚህ ድርሰት አያስረዱም።

ጉዳዩ እኛን እንዴት እንደሚነካ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር አገኘ። ይሁን እንጂ «ሀገር»፣ «ሃገር»ና «አገር» ለእኛ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው፤ የፍለጋ ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር አንዱ ሲፈለግ ሌላውን አያመጣም። የሚመሳሰሉትን ፊደላት በሠንጠረዥ ማውጣት አማርኛ ለሚያነብ ተማሪ ሁሉ ቀላል ነው። ሠንጠረዡ በየትኛው ፋይል እንደሚገባ፣ ሀን ከሐ ለይቶ የሚያነበውን ትግርኛን እንዳያበላሽ እንዴት እንደሚፈተን፣ ለሥራውም ባለ አደራ በምን አኳኋን እንደሚቀርብ የሚያውቀው ግን የቆየ ሠራተኛ ነው። ተማሪው መካሪ የሚሻው ለዚህ ነው።

የዓይን መብዛትም ብቻውን አያድንም። በኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ በ2012 የወጣው «ሃርትብሊድ» የተባለው ጉድለት፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እስከ 2014 ተሰውሮ ኖረ። በ2024 ደግሞ በኤክስዜድ ሥራ ውስጥ ረዳት መስሎ ለረጅም ጊዜ አመኔታ ያተረፈ ሰው ስውር በር ማስገባቱ ታወቀ። እንግዲህ ባለ አደራው እንግዳን ቢጠራጠር ምክንያት አለው። ጉግል ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ ጀማሪዎችን ከመካሪዎች ጋር ማገናኘቱም ገበያው ብቻውን እንደማያስተምር ያመለክታል።

ከካቴድራሉም ከገበያውም የሚሻል ምሳሌ በአገራችን አለ፤ ይኸውም የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ባዶውን ከመምህሩ ፊት አይቀርብም፤ ቈጥሮ ያወጣውን ቅኔ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል፤ ጀማሪውንም ቀደም ያሉት ተማሪዎች ያግዙታል። እርማቱ ለአንዱ ቢነገርም ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። ክፍት ሶፍትዌር በዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው፤ እርማቱ በጽሑፍ ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ የሚመጣውም ተማሪ ያነበዋል።

ስለዚህ ፕሮግራሙን በኮምፒዩተሩ ላይ እንኳ ሳይሞክር «መካሪ ይሁኑኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ገና ደጅ ጠኚ ነው። ትንሽ እርማት ሠርቶ «የሳትሁት የት ላይ ነው?» የሚል ግን ተማሪ ነው፤ ባለ አደራውም ለእርሱ መልስ መስጠት ይቀለዋል።

ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መምህራኖቻችን በክፍት ሥራ ላይ ተቀባይነት ያገኘን እርማት እንደ መመረቂያ ሥራ ክፍል ቢቈጥሩት፣ አንድ ጊዜ እርማቱ የተቀበሉለት ተማሪም ሁለት ጀማሪዎችን እንዲመራ ቢደረግ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ካልሆነ የአማርኛ ጉድለት አማርኛ የማያነብ ሰው እስኪያርመው ድረስ ሲጠብቅ ይኖራል።