የአባ ጎርጎርዮስ ደብዳቤዎች

የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ነው። በ1652 በጀርመን እስካለችው ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት፤ ተራርቀው ሳሉ ደግሞ በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። የሚጻጻፉት በግዕዝ ነበር፦ አንዱ በቤተ ክርስቲያን በተማረው፣ ሌላው ከመጽሐፍ በለቀመው ቋንቋ። እኔን የሚደንቀኝ የአባ ትሕትና ነው። በስደት ላይ ያሉ አባት፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ለሚያነሣው ጥያቄ ጊዜ አልነፈጉም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ተማሪያቸው ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ለጠያቂ ሳይሰለቹ መመለስ ትልቅ ማስተማር ነው፤ ወንበርም ጉባኤም አይሻም።